ለሙሴ ዋስ የሆንኩት እኔ ክብሩ

ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ
ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሙሴ፣

በጌታ ስም ሰላም እልሃለሁ። በዚያ ብርድ ላይ የቆመ እግርህን እሱ ያጽናልህ። እኛ በጤና አለን፤ ቤቱ ቆሟል፣ የስፌት መኪናዋም እንደ ልማዷ ትጮኻለች።

ከሁሉ በፊት የማታውቀውን ልንገርህ። በሐዋሳ ከተማ ከዩኒቨርሲቲው ቀጥሎ ብዙ ሰው ያስመረቅሁት እኔ ነኝ። ሐኪም አስመርቄአለሁ፣ መሐንዲስ አስመርቄአለሁ፣ ዳኛም አለበት። እሺ፣ ታቢታ ከጎኔ ሆና «አባባ፣ ኧረ ቀንስ!» እያለች ስለምትነዘንዘኝ ትንሽ ልቀንስ። እኔ የሰጠኋቸው ጋውኑን ነው። ትምህርቱን ራሳቸው ተምረውት ይሆናል። ግን ራቁቱን መድረክ ላይ ወጥቶ የተመረቀ ዶክተር ካየህ ጻፍልኝ።

ሁለተኛው ዜና ይኸውልህ፤ አሁን የምታነበው የእኔ የራሴ እጅ ነው። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ሱቁን ዘግቼ እየሄድኩ፣ ለሁለተኛ ክፍል ሕፃናት በተሠራ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየመታኝ ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪያችን ወንጌላዊት የታቢታ እኩያ ናት። «ጋሽ ክብሩ፣ ሲያወሩ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነዎት፣ ሲጽፉ ግን የመሃል ከተማ ታክሲ ነዎት፤ በየቃሉ ይቆማሉ» ትለኛለች። ይቆማል እንጂ ይደርሳል አልኳት። እናትህ ሙሉጌጥ ከቦዲቲ አምጥታ በእጄ ካኖረችህ ጀምሮ የደንበኞቼን ስም በየጨርቁ ላይ የምትጽፍልኝ አንተ ነበርክ። አሁን ራሴ እጽፋለሁ። አንድ ሁለት ሰው የሌላ ሰው ሱሪ ወስዷል፤ ቢሆንም ልካቸው ስለሆነ አልመለሱትም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። ታቢታ ስዊድን አገር የማስተርስ ዕድል አገኘች። ሙሉ ስኮላርሽፕ ነው፤ መስከረም ላይ ትጀምራለች። ደብዳቤው የመጣ ቀን ይህች ዝምተኛ ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ስትዘል ያዝኳት። እንደምታውቀው እንደ እናንተ ያለ የዩኒቨርሲቲ መምህር ውጭ ሊማር ሲሄድ «ተምሬ ተመልሼ አገለግላለሁ» ብሎ ይፈርማል፣ ዋስም ያቀርባል። የእሷ ዋስ ማን ነው? እኔ። የእኔ ቤት ካርታ የት ነው? በአንተ ፋይል ውስጥ። ሰው ሀብት ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። «አንድ ቤት ለአንድ ሰው ነው። ሙሴ ተመልሶ ሥራ መግባቱን ሪፖርት ባደረገ ማግስት ካርታዎ ለታቢታ ይዛወራል» አሉኝ። የእሷ የዋስ ወረቀት መግቢያ የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 30 ነው።

አንተ ደግሞ ቴሲስህ አንድ ዓመት ቢዘገይብህም ሰኔ ላይ እንደምትጨርስ ነግረኸናል። ስለዚህ ነገሩ እንደ በር ነው፤ አንተ ትገባለህ፣ እሷ ትወጣለች። ብቻ ሰኔ ማለት ሰኔ መሆኑን በእጅህ ጻፍልኝ።

ይህን ወረቀት ታቢታ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። አንተም ጽፈህ እንደዚያው አድርግ። የድምፅ መልእክት አልፈልግም፤ ፊደሉን ለጌጥ አልተማርኩትም።

አጎትህ ክብሩ
(ፊርማዬን እያት። እስከ ዛሬ የሚፈርምልኝ አውራ ጣቴ ነበር።)


ጌንት፣ ቤልጅየም
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ክብሩ፣

የጌታ ጸጋና ሰላም ከእርስዎና ከቤትዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎን ስከፍት መጀመሪያ የታቢታ ጽሑፍ መስሎኝ ነበር። የእርስዎ መሆኑን ስረዳ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ መሐረብ ሰጡኝ። እኔን አሳድገው፣ እኔን አስተምረው፣ ራስዎን ግን በመጨረሻ አስተማሩ። ጌታ ዕድሜ ይስጥዎ።

ታቢታን እንኳን ደስ ያለሽ በሉልኝ። ከእኔ የተሻለች ተማሪ እንደነበረች እኔም አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ስዊድን ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜና እሁድ ብቅ እያልኩ አያታለሁ፣ ብቸኝነት አይሰማትም።

የእኔ ነገር መልካም ነው። አንድ ምዕራፍ ብቻ ነው የቀረኝ። ፕሮፌሰሬ ሥራዬን ወዶታል፤ ግን የሚያርመው ቀስ ብሎ ነው። ሰኔ ማለት ሰኔ ነው፣ ጋሼ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የትምህርት ፈቃዴ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። የማራዘሚያ ማመልከቻ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ፤ አሳትመው ለሰው ሀብት ቢያስገቡልኝ። ስልክ ብደውል አያነሱም። እርስዎን ደግሞ ግቢው በሙሉ ያውቅዎታል። ከእኔ አሥር ገጽ የእርስዎ አንድ ቃል ይበልጣል።

ልጅዎ ሙሴ


ሐዋሳ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙሴ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጌታ የከፈተልህን በር ማንም አይዝጋብህ።

ደብዳቤህን ያለ ማንም እርዳታ አነበብኩት። አንድ ገጽ ለመጨረስ አንድ ሱሪ የሚሰፋበት ጊዜ ፈጀብኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን መርፌው ቆመብኝ። «ስዊድን ቅዳሜና እሁድ ብቅ እያልኩ አያታለሁ» ብለሃል። ከየት ተነስተህ ነው ብቅ የምትለው? ከሐዋሳ በባጃጅ? ታቢታን ብጠይቃት «እኔን ለማጽናናት ብሎ ነው፣ አባባ» አለችኝ። እኔም አዲስ አንባቢ ስለሆንኩ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ማመልከቻህን አስገብቼልሃለሁ። እንዴት እንዳስገባሁት ግን ስማ። ኃላፊዋ ወረቀቱን ገለበጠችው፣ መነጽሯን ዝቅ አደረገችና በላዩ አየችኝ።

«ጋሽ ክብሩ፣ ይኼ ልጅ ይመጣል?»

«ሲመጣ የሚለብሰውን ኮት ጀምሬለታለሁ» አልኳት።

«ኮት ሰው ያመጣል እንዴ?»

«የእኔ ኮት ያመጣል። እንዲያውም አንዴ ከናዝሬት…»

«ጋሽ ክብሩ!» አለችኝ። ቢሮው ሁሉ ይስቅ ነበር፤ እሷ ግን አልሳቀችም። «እርስዎ የተቀመጡበት ወንበር ላይ ስንት ዋስ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ቀልዱን ይተዉትና በአንድ ቃል ይንገሩኝ። ይመጣል?»

ያን ጊዜ ተነሣሁ፤ ኮፍያዬንም አወለቅሁ። አማኝ አይምልም፤ አዎ ካለ አዎ ነው። «ይህ ልጅ ከልጄ ጋር በአንድ ሳህን በልቶ ነው ያደገው። እመጣለሁ ካለ ይመጣል። አዎ» አልኩ። ማኅተሙን አንስታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

የኮቱ ነገር ቀልድ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲቀበሉህ እንድትለብሰው ነው። ትከሻህንና ወገብህን ለክተህ ላክልኝ። ስትሄድ እንደ መቋሚያ ቀጥ ያልክ ቀጭን ነበርክ፤ የቤልጅየም ድንች ምን እንዳደረገህ አላውቅም።

አጎትህ ክብሩ


ጌንት
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ። ሳልጽፍ በመቆየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በኮምፒውተር የጻፍኩትም ጊዜ ስላጣሁ ነው። ማራዘሚያው መፈቀዱን አሳውቀውኛል፤ ውለታዎን ጌታ ይክፈልልኝ።

ስለ ኮቱ አይድከሙ። እዚህ ተሰፍቶ ያለቀ በርካሽ ይገኛል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ለታቢታ ሌላ ዋስ ቢታይስ? ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መካከል የራሳቸው ቤት ያላቸው አሉ። ይህን የምለው ምናልባት የእኔ ነገር በአንድ ሁለት ወር ቢንሸራተት እሷ እንዳትጉላላ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሙሴ


ሐዋሳ
ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሴ፣

ጤናህን ጌታ ይጠብቅልህ። ይህን ደብዳቤ ታቢታ አላየችውም። ፎቶውን ያነሣሁት ራሴ ነኝ፤ ጠርዙ ላይ እንደ ተራራ የሚታይህ አውራ ጣቴ ነው። መልሱን ወደ እኔ ስልክ ላከው።

እንዳልከኝ ሽማግሌዎቹን ጠየቅሁ። አንደኛው ለገዛ ልጁ ዋስ ሆኗል። የሁለተኛው ቤት በባንክ ተይዟል። ሦስተኛው ትከሻዬን አቅፎ «ክብሩ ወንድሜ፣ ላንተ ነፍሴን እሰጥሃለሁ። ካርታውን ግን የያዘችው ሚስቴ ናት» አለኝ። ሚስቱን ደግሞ ታውቃታለህ።

ትናንት አንድ ወጣት መምህር ሱሪ ሊያሳጥር ወደ ሱቅ መጣ። ሰኢድ ይባላል። ጨርቁ የዚህ አገር አልመሰለኝም።

«ከየት የገዛኸው ነው?» አልኩት።

«ከቤልጅየም፣ ጋሼ። እዚያ ነው የተማርኩት።»

«ታዲያ የእኔን ልጅ ታውቀዋለህ! ሙሴን!»

«ሙሴን? እንዴት አላውቀውም! አንድ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው» አለ። ከዚያም የነገረኝን ነገረኝ። እኔም ሱሪውን ከሚገባው በላይ አሳጠርኩበት።

የነገረኝን እዚህ አልጽፍም። አንተ እንድትጽፈው ፈልጌ ነው። ወንጌላዊት ትምህርቱ ሲያልቅ በሰጠችን ፈተና ላይ «ባዶ ቦታውን ሙላ» የሚል ነበረበት፤ እኔም ለአንተ አወጣሁልህ። ከጎን ሳትቀዳ ሙላ።

ሙሴ ትምህርቱን የጨረሰው በ.................. ወር ነው።

ሙሴ ወደ ሐዋሳ የሚመለሰው በ.................. ቀን ነው።

ለጋሽ ክብሩ እውነቱን መንገር ያለበት .................. ነው።

አጎትህ ክብሩ


ጌንት
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፣

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ቀልድዎ ሁልጊዜ ልቤን ያሞቀዋል። ፈተናውን ሞልቻለሁ። የመጀመሪያው «ሰኔ» ነው። ሁለተኛው «በሐምሌ መጀመሪያ በአንዱ» ነው፤ ቲኬት ስቆርጥ ቁርጡን እነግርዎታለሁ። ሦስተኛውን «ሁላችንም» ብዬ ሞልቼዋለሁ።

ሰኢድ ጥሩ ልጅ ነው። ግን የእሱ ፕሮግራም ከእኔ ይለያል፤ ስለ እኔ የሚያውቀው በስሚ ስሚ ነው። ተማሪ ውጭ አገር ሲኖር ወሬ እንደሚበዛ መቼም ይገምታሉ። ከእሱ ጋር ብዙ ባይነጋገሩ እመርጣለሁ። ለታቢታም ባይነግሯት፤ በከንቱ ትጨነቃለች። ቢሮም አሁን ባይሄዱ ጥሩ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሲታዩ ጥርጣሬ ያሳድራል።

በጸሎትዎ ያስቡኝ።

ልጅዎ ሙሴ


ሐዋሳ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሴ፣

ሰላም ልልህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። ይኸው በአራተኛው ሰላም ብዬሃለሁ።

ከጥር ጀምሮ እንዲህ ፈጥነህ የመለስክልኝ ይህን ብቻ ነው። እውነትን ስጠይቅህ ከሁለት ቀን በላይ አልፈጀብህም፤ ሐሰቱ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው።

ሰኢድን ምሳ ጋበዝኩት። ሐይቅ ዳር ዓሣ አዘዝኩለት። «ያን ሱሪ ያበላሸብህ እጄ አይደለም፣ ጆሮዬ ነው» አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ እኔ በእናንተ መካከል ባልገባ» ብሎ ዓሣውን እንኳ አልነካውም። «መካከላችን ነህ እኮ፤ በቃ ገብተሃል» አልኩት። ያን ጊዜ ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየኝ።

አንተና እሱ አንድ መድረክ ላይ ቆማችኋል። ጥቁር ጋውን ለብሰሃል። አንዲት ፀጉሯ ቢጫ የሆነ ሴት አበባ ይዛ ክንድህን ጨብጣለች። ጥርስህ በሙሉ ይታያል።

«ይኼ መቼ ነው?» አልኩት።

«መስከረም። ያለፈው መስከረም፣ ጋሼ።»

ይህች ሐዋሳ ስታስመርቅ በየዓመቱ የሰው ልጅ ጋውን እሰፋለሁ። በየሰው ልጅ ትከሻ ላይ አስተካክላለሁ፤ እናቶቻቸው ሱቄ ውስጥ እልል ይላሉ። እኔም «የእኔም ቀን ይመጣል» እላቸዋለሁ። ለካ የእኔ ቀን መጥቶ አልፎ ነበር! ለካ የሌላ ልብስ ሰፊ ጋውን ለብሰህ ስትስቅ፣ እኔ እዚህ «ልጁ ቴሲስ ከብዶት ነው» እያልኩ አስጸልይልህ ነበር። ጉባኤው ተንበርክኮ ለጨረስከው ትምህርት ጸለየ።

እሱን ልተወው። የካቲት ላይ ማመልከቻ ይዤ እንድሄድ ላክኸኝ። የተመረቅህ ሰው ስትሆን «ገና ነኝ» የሚል ወረቀት በእኔ እጅ አስገባህ። ኮፍያዬን አውልቄ የቆምኩት ያኔ ነው። አዎ ያልኩት ያኔ ነው። ሙሴ፣ ለውሸትህ ሰው ቸገረህ? ከሰው ሁሉ እኔን መረጥክ?

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ና። ለዘላለም አላልኩህም። መጥተህ ቢሮ ግባ፣ «መጥቻለሁ» በል፣ ካርታው ለታቢታ ይዛወር። ከዚያ በኋላ የምትሆነውን ከቢሮው ጋር ተነጋግረህ ሁን። ሐምሌ 30 የታቢታ ቀን ነው። እሷ እስካሁን አታውቅም። በየማታው የስዊድንን ብርድ በስልኳ እያየች «አባባ፣ ገበሩ ወፍራም የሆነ ካፖርት ትሰፋልኛለህ አይደል?» ትለኛለች። የአንተን ኮት ጨርቅ ፈትቼ ለእሷ ጀምሬዋለሁ።

አበባ የያዘችውስ ማን ናት?

ክብሩ


ጌንት
ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታ ለማቅረብ እንኳ አፍራለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ስጽፍና ሳጠፋ ከረምኩ። ሐምሌ 30 እንዳለፈ አውቃለሁ። ቀኑ ሲያልፍ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ቀለለኝ። የምመርጠው ነገር አልቀረም ብዬ ይሆናል።

ሰኢድ የነገረዎ እውነት ነው። መስከረም ላይ ተመርቄአለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ በአንድ የውኃ ማጣሪያ ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አበባ የያዘችው ሊስቤት ትባላለች። ባለቤቴ ናት። ታኅሣሥ ላይ በማዘጋጃ ቤት ተጋባን። ሽማግሌ ልኬ፣ ምርቃትዎን ተቀብዬ ማድረግ ነበረብኝ፤ ግን የጋብቻውን ከነገርኩዎ ሌላውንም ልነግርዎ ነው ብዬ ፈራሁ። ጥቅምት ላይ ልጅ እንወልዳለን።

አሁን ለአንድ ሳምንት እንኳ ወደ ሐዋሳ ብመጣ ዩኒቨርሲቲው ውሉን አንሥቶ ያስቀረኛል ብዬ ሰጋሁ። ሥራዬን አጣለሁ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ይሰረዛል። ልጄ በእናቱ ሆድ ውስጥ እያለ እንዴት ብዬ?

ቤትዎን አይነኩብዎትም። ስንት ሰው ሄዶ ቀርቷል፤ የዋስ ቤት ሲሸጥ እኔ አልሰማሁም። ወረቀት ነው፣ ጋሼ። ያለብኝንም ግዴታ ቀስ በቀስ ለመክፈል ቢሮውን እጠይቃለሁ።

ታቢታን በተመለከተ፣ ጎበዝ ናት። ዕድሏ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ይመጣል። የእኔ ግን አንዴ ነበር የመጣው። እሷ ትረዳኛለች ብዬ አምናለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ሁልጊዜ የምትለቅልኝ እሷ ነበረች።

ይቅርታዎን የሚለምን
ሙሴ


ሐዋሳ
ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሙሴ፣

እግዚአብሔር የሚወለደውን ልጅ በሰላም ያምጣው። እሱ ምንም አላደረገኝም፤ ስለዚህ ምርቃቱ ለእሱ ነው። ታቢታም ሰላም ብላሃለች። «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጁን ጌታ ያሳድግለት» ብላለች።

እንዴት እንደሆነ በተራው ልንገርህ።

ሐምሌ እየገፋ ሄደ። በየቀኑ ስልኬን እከፍታለሁ፣ የአንተ ስም የለም። ሐምሌ 28፣ ሰኞ ዕለት፣ ታቢታ ወደ ሱቅ መጣች። የዋስ ቅጹን ይዛለች። ደስ ብሏታል።

«አባባ፣ ሙሴ አልደወለም? ገብቶ ከሆነ ነገውኑ ጨርሰን እንገላገል።»

የስፌት መኪናዋን አቆምኩ። በቀልድ ልጀምር አሰብኩ፤ አንድም አልመጣልኝም። እኔ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው የማስቀው ሰውዬ! ሁሉንም ነገርኳት። ሰኢድን፣ ፎቶውን፣ ፈተናውን። ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችኝ ስለ አንተ አልነበረም።

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«ግንቦት ላይ።»

«ግንቦት» አለች። «ከግንቦት እስከ ዛሬ ሌላ ዋስ መፈለግ እችል ነበር። ዲኑን እለምን ነበር። ስዊድኖቹን ጊዜ ስጡኝ እል ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

«ራሱ እንዲናገር ነበር የምጠብቀው። እውነቱን ከአፉ…»

«እሱ እንዲያምርበት» አለች። ድምፅዋን አላነሣችም። «እሱ ጥሩ ሰው ሆኖ እንዲገኝ የእኔን ሁለት ወር ሰጠኸው።»

ሙሴ፣ ለዚህ መልስ ካለህ ላክልኝ፤ እኔ እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም። አንተ እኔን ከዳኸኝ ብዬ ስንገበገብ፣ ልጄ ከሁለታችን ፊት ቆማ ሁለታችንንም አየችን። «ሁልጊዜ የምትለቅልኝ እሷ ነበረች» ብለሃል። እውነትህን ነው። ያስለቀቅናት ግን አንተ ብቻ አይደለህም፤ ትልቁን ዓሣ ላንተ፣ ጭራውን ለእሷ የማካፍለው እኔ ነበርኩ። «እንግዳ ነው፣ እናቱ የለችም» እያልኩ ዓመታት ሙሉ እንግዳ አደረግሁህ።

በማግስቱ ጊዜ ስጡኝ ብላ ለስዊድን ጻፈች። ሦስት ቀን ቆይተው መለሱ፤ መጠበቅ አንችልም፤ ቦታው ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ይሰጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ አመልክቺ፣ ስኮላርሽፑን ግን ቃል አንገባም አሏት። «ዕድሏ ደግሞ ይመጣል» ያልከው ይኸው ነው።

ሐምሌ 30 ጠዋት ለብሼ ቢሮ ሄድኩ። ያቺ ኃላፊ አየችኝና «ጋሽ ክብሩ፣ መጣ?» አለችኝ።

«አይመጣም» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች።

«የካቲት ላይ እዚሁ ቆሜ ይመጣል ብዬሽ ነበር። ያኔም ተመርቆ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር። ቃሌን መልሼ ልወስድ መጥቻለሁ።»

«ጠርተነዎት ነበር?»

«አልጠራችሁኝም።»

«በዚህ ወንበር ዘመኔ ሁሉ ሳይጠራ መጥቶ አይመጣም ያለኝ ዋስ የለም» አለች። ቀጥላም በሩን ዘጋች፣ ውኃ ቀዳችልኝ። እኔ ውኃውን ይዤ «እንዳላለቅስ ነው የሰጠሽኝ?» ብላት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን ዓይኗን ጠረገች።

ወረቀቱን አወጣች። የአንተ ግዴታ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ታግዶ እንደሚቆይ፣ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ለሌላ ሰው ዋስ መሆን እንደማልችል ይላል። ከመሳቢያዋ የጣት ቀለሙን አወጣች። አይ፣ መልሽው፣ አልኳት። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩት። ብዙ ቦታ ቆምኩ፤ እሷ አላረመችኝም፣ ጠበቀችኝ። ከዚያም «ለሙሴ ዋስ የሆንኩት እኔ ክብሩ» ብዬ በእጄ ፈረምኩ። አንተ ከመሄድህ በፊት በጣቴ የፈረምኩ ቀን ምን እንደሚል ማንም አላነበበልኝም፤ አንተ «የምስክር ነገር ነው፣ ጋሼ» ብለኸኝ ነበር። ዛሬ አንብቤ ፈርሜአለሁ። ቢያንስ ማን እንደከዳኝ በፊደል አውቄዋለሁ።

ቤቱን ይወስዱታል ብዬ አልፈራም። እኔ ሰውዬው በአንድ የስፌት መኪና ከየትም እጀምራለሁ፤ ከቦዲቲ ስመጣ መኪናም አልነበረኝም። ግን ስማኝ። ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ለክብሩ ልጅ ዋስ የሚሆን የለም። «የእሱ ልጅ አይደለም እንዴ የቀረው?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ልጄ ነው እያልኩ በየመድረኩ ያወራሁት እኔ ነኝ። ታቢታ ስማችንን ጥላ ልትሄድ አትችልም፤ ስማችን ነው ያሰራት።

እሷ ወደ ማስተማሩ ተመልሳለች። ካፖርቱን ጨርሼላት ነበር። አልጣለችውም፣ አልለበሰችውም። ለሐዋሳ ፀሐይ ይከብዳል።

ከአንተ ብር አልፈልግም። ከቢሮው ጋር የምትጨርሰውን ጨርስ፤ መጨረስህን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፍላት። የምጽፍልህ ይህ የመጨረሻዬ ነው አልልም፤ እኔ ሰውዬው ሳላወራ መኖር አልችልም። ግን የምትጽፍልኝን ሁለት ጊዜ አነብባለሁ፤ አንዴ ያልከውን፣ አንዴ ያላልከውን።

አሁን አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። እንደምታውቀኝ ስናገር መጨመር እወዳለሁ። በዚህ ደብዳቤ ግን ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ታቢታ «ይቅር ብዬዋለሁ» ብላለች ያልኩህን እኔ ነኝ የጻፍኩት። ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ራቁቱን ሆኖ ታየኝ። ከጎኔ ተቀምጣ የተማሪዎቿን ፈተና ታርም ነበር። ወረቀቱን ወሰደችና ያንን መስመር አነበበችው። አላጠፋችውም። መልሳ ሰጠችኝ። ግን አላለችም።

ክብሩ